እርጥቡ ፍራሽ

አማትየው ፍራሹን ብቻቸውን እየጎተቱ ከክፍሉ አወጡትና የግቢው በር ሁሉ በሚያየው ግንብ ላይ አስደግፈው አቆሙት፤ ደረቁን ወገን ወደ ግንቡ፣ እርጥቡን ወደ ሰው። ከዚያ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠራርገው፣ ቧንቧው ሥር ፊቷን ለምትታጠብ ጎረቤት «ምን ላድርግ ልጄ፣ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ!» አሏት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሰው ሲያያት አፍራ ትተወው እንደሆነ ብዬ ነው።» ጎረቤቲቱ አረፋ የሞላው ፊቷን ወደ ፍራሹ አዞረች፤ በደንብ አይታ ስታበቃ ያላየች መሰለች። ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን ታቅፋ ደፉ ላይ ቆማለች። አታለቅስም፤ ለቅሶውን ፍራሹ መጀመሪያ የወጣ ሰሞን ጨርሳዋለች። እናቷ ከኋላዋ ተንበርክካ ፀጉሯን እየከፈለች ትጎነጉንላታለች። ጉንጉኑ አልተጣመመም። አልጋው ላይ የሸናችው ልጅቷ አልነበረችም፤ ይህች ጉንጉን የምታሳምር እናት ነበረች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የቤቱ ባለቤት አማትየው ናቸው፤ ሌላው ሰው ይህን ቢረሳ እሳቸው አይረሱም። በፊተኛው ክፍል እሳቸው ይተኛሉ። በኋለኛው ክፍል አንድ አልጋ አለ፣ አልጋውም እንደ ፋብሪካ ማሽን በፈረቃ ይሠራል፤ ሌሊት እናትና ልጅ፣ ቀን ደግሞ የመጋዘን ዘበኛ የሆነው ባል ከአዳር ተመልሶ ይረከበዋል። ስለዚህ በዚህ ቤት እርጥብ ፍራሽ የእጥበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የአንድ የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው። ዛሬም ፍራሹ ከመውጣቱ በፊት ዘበኛው ካፖርቱን ሳያወልቅ ገብቶ መዳፉን አንሶላው ላይ ጣል አደረገና ወዲያው አነሳው።  በእናቱ አልጋ ሥር ካፖርቱን እንደለበሰ መሬት ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቢሳደብ ይሻል ነበር፤ ስድብ መልስ አለው።

«ከዛሬ ማታ ጀምሮ» አሉ አማትየው፣ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ቤት አከራይ ቃላቸውን ረገጥ እያደረጉ፣ በአገጫቸው ልጅቷን እያመለከቱ፣ «ሚጢጥ እኔ ዘንድ መሬት ላይ ትተኛለች። ከትምህርት ቤት ከተመለሰች በኋላም ጠብታ ውሃ አፏ አይገባም። እስቲ እናያለን።»

«እማማ፣ መሬቱ ይበርዳታል» አለች እናትየው። «እኔው ጋ ትተኛ። ግድ የለም፣ እችለዋለሁ።»

«ወይ የእናት ሆድ!» አለች ጎረቤቲቱ ከቧንቧው ሥር። «ሌላዋ ብትሆን በቀበቶ ነበር።»

ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። አስተያየቷ ውለታ የተዋለለት ሰው አስተያየት ነበር። እናትየው የጉንጉኑን ጫፍ በላስቲክ ለማሰር አጎነበሰች፤ ላስቲኩ አንዴ ዞሮ የሚበቃውን ደጋግማ አዞረችው። አማትየው አንዴ የተናገሩትን አያጥፉም። «እናያለን» ብለዋል፣ ያያሉም። ልጅቷ ዛሬ ማታ መሬት ላይ ከተኛች፣ ነገ ጠዋት ፍራሹ ልጅ ሳይተኛበት ረጥቦ ይገኛል። የሚያሳብቡበት ሰው ያልቃል ማለት ነው። እናትየው ይህን እያሰላች ልጇን ከትምህርት ቤቱ በር አደረሰችና፣ ጉንጯን ስማ፣ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራዋ ሸሚዝ ፋብሪካ ነው፣ ኮሌታ ሰፊ ናት። እዚያ «ዳኛዋ» ነው የሚሏት፤ አትስቅማ። ቀድሞ ሳቋ ከማሽኑ ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር ይላሉ የሚያውቋት። ከወለደች ወዲህ ግን ሳቅም፣ ሳልም፣ ማስነጠስም፣ ዕቃ ማንሳትም ልብሷን የሚያረጥብባት ሆነ፤ ሳልን ማስቀረት ስላልቻለች ሳቅን አስቀረች። ሰው እንደ ኩራት ቆጠረላት፣ እሷም ኩራቱን ወደደችው። በቅርቡ የሌሊቱ አልጋ ማርጠብ ሲጨመርበት ግን የምትተወው ነገር አጣች። እንቅልፍን እንደ ሳቅ መተው አይቻልም።

ፋብሪካው አንድ ልማድ አለው። ሽንት ቤት መሄድ ያማራት ሴት ከተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ቀይ የተቀባች የእንጨት ሰሌዳ ወስዳ፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በሰው ሁሉ መሀል አልፋ ነው የምትሄደው። ሰሌዳዋ ለመላው መስመር አንዲት ናት፤ «ቀይዋ» ይሏታል። ቀይዋ ከሄደች እስክትመለስ ሌላው እግሩን አጣምሮ ይጠብቃል። ደጋግማ ያንጠለጠለቻት ሴት ደግሞ በተቆጣጣሪው አፍ ትገባለች፤ ተቆጣጣሪውን «ሰዓት» ይሉታል፣ እሱ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝም ብሎ አይቆጥርም፣ እየተናገረ ነው የሚቆጥረው። ሴቶቹ ለዚህ ያገኙት መላ ውሃ አለመጠጣት ነው። በዚህ ሙያ ዳኛዋን የሚያክል የለም። ቀኑን ሙሉ ምላሷ እንደ ተረፈ ጨርቅ ደርቆ ትውልና፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ጆጉን አንስታ ሳትተነፍስ ትጨርሰዋለች፤ አንዳንዴም ሁለተኛውን ትጨምራለች። ለራሷ ብልህ ነኝ ብላ ነበር።

አጠገቧ ቁልፍ የምትተክል፣ ለዚህም «ቁልፏ» የተባለች፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ሴት አለች። ዳኛዋ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታ ስትተረትር አይታት ቆየችና ዘንበል አለች።

«ዛሬ ማንን ልትሰቅይ ነው ዳኛዋ? ፊትሽ ችሎት ሆኗል።»

«ተይኝ።»

«ልተውሽ? ያንን ለስላሳውን የጨርቅ ቁርጥራጭ በየቀኑ ለምን እንደምትለቅሚው የማላውቅ መሰለሽ? ትራስ እሠራለሁ ትያለሽ። እስካሁን ለከተማው ሁሉ ትራስ በደረሰ ነበር።» ከዚያ ድምጿን ማሽኑ ሥር ደበቀችው። «እኔም ከመንታዎቹ በኋላ ለቅሜያለሁ። እኔም ትራስ ብያለሁ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ አዋላጇን ጠይቂ። ይሻላል፣ እኔን ተሽሎኛል።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ይኸው ላንቺ።»

ዳኛዋ የማሽኑን መርገጫ ለቀቀችው። ይህ ነገር እንደ ሽበት፣ እንደ ሆድ ሸንተረር፣ ከወለዱ ወዲያ የሚመጣና ይዘውት የሚቀበሩት ነገር ይመስላት ነበር፤ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው ብላ አስባው አታውቅም። «ይሻላል» የሚለው ቃል አላስደሰታትም፤ አስደነገጣት። ሊድን የሚችል ነገር ከነበረ፣ ፍራሹ ግንብ ላይ የወጣባቸው ጠዋቶች ሁሉ ሌላ ስም ሊሰጣቸው ነው። ተነስታ ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ሄደች።

«ምንሽን ነው ያመመሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«ሆዴን።»

«ሆድ የሌለው ማን አለ?» አለና የግማሽ ቀን ደሞዟንና የወሩን የመገኘት ጉርሻ በአንድ ፊርማ ቆረጠው። ጉርሻው የልጅቷ ጫማ መግዣ ነበር። ዳኛዋ የፈቃድ ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች።

ጤና ጣቢያው ወለሉ በፀረ ጀርም የታጠበ፣ አግዳሚ ወንበሩ በተቀማጭ ብዛት መሀሉ የጎበጠ ቤት ነው። የተቀመጡት አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ሆዳቸውን አቅፈው ስለ ኪራይ መወደድ ያወራሉ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ በመስኮቷ ቀዳዳ «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ አግዳሚው ሁሉ እንዲሰማ ጮኸች፤ ዳኛዋ «ለአዋላጇ ነው የምነግረው» አለች፣ አግዳሚው ሁሉም አያት። ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን ታጥባ ትስቃለች። ዳኛዋ ሥዕሏን «አንቺማ ሳቂ» አለቻት በሆዷ።

አዋላጇ ክንደ ወፍራም፣ እጇን እየታጠበች ጀርባዋን ሰጥታ የምትጠይቅ ሴት ናት። ይህ ለዳኛዋ ተመቻት፤ ለጀርባ መንገር ይቀላል።

«ሲመጣብሽ ሽንት ቤት ሳትደርሺ ነው የሚያመልጥሽ? ወይስ ሲያስልሽ፣ ስትስቂ፣ ዕቃ ስታነሺ?»

«ሁለቱም ነው ሲስተር። ሌሊት ደግሞ…» 

«አልጋ ላይ» ብላ አዋላጇ ጨረሰችላት፣ «ወንበር ላይ» እንደሚባለው አድርጋ። ከዚያ ዞረች። ሽንቷን ለምርመራ አስሰጠቻት፣ ስኳር እንዳለባት አስመረመረቻት፣ አልጋው ላይ አስተኝታ አየቻት። ስኳር የለባትም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ግን አለባት። «ቀን ውሃ ትጠጫለሽ?» ስትላት ዳኛዋ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ማታስ?» ስትላት የጆጉን ቁመት በእጇ አሳየቻት። አዋላጇ አልሳቀችም። «እንግዲህ ቀን ተጠምተሽ ትውያለሽ፣ ማታ ጆግ ታወርጃለሽ፣ ሌሊት ድካም ጥሎሽ እንደ ሬሳ ትተኛለሽ። የት ይሂድ ታዲያ? ቀን አምቀሽ የምትውዪውም ሽንት ይወፍርና ፊኛሽን ያስቆጣዋል፣ ኢንፌክሽን ይጋብዛል። ውሃ መተው መድኃኒት መስሎሽ በሽታውን ስትቀልቢው ነው የኖርሽው።»

ከዚያ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት። ፊኛን ከሥር የሚደግፈው ጡንቻ በወሊድ ይላላል፤ እንደ ቀሚስ ወገብ ላስቲክ ነው አለቻት። «ላስቲክ ከላላ ይቀየራል እንጂ አይመለስም» አለች ዳኛዋ፤ ይህንንስ ሰፊ ሆና ታውቀዋለች። «ያ የሱቅ ላስቲክ ነው። ይሄ ሥጋ ነው፣ ሲያሠሩት ይጠነክራል። ሽንትና ፈስ አንድ ላይ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥ ጭብጥ ታደርጊያለሽ፣ ቀስ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ትለቂያለሽ። ደጋግመሽ፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ማሽን ላይ ቁጭ ብለሽ ብትሠሪው ማንም አያይሽም። ዕቃ ልታነሺ ስትይ መጀመሪያ ጨብጪ፣ ከዚያ አንሺ። ሲመጣብሽ አትሩጪ፤ ቆም ብለሽ ጨብጪ፣ ግፊቱ ይለፍ፣ ከዚያ ተራመጂ። ውሃውን ቀን በቀን ከፋፍለሽ ጠጪ፣ ሻይ ቀንሺ፣ ልትተኚ ስትይ ተይ።» ለኢንፌክሽኑ ኪኒን ጻፈችላት። ጡንቻው ወራት ይፈልጋል አለቻት፤ ሦስት ወር ሠርታ ካልተሻላት ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበት አለ፣ እሱም እምቢ ካለ ሆስፒታል የሚሠራ ቀዶ ጥገና አለ። ዳኛዋ ሁሉንም እንደ ልብስ ልክ በጭንቅላቷ ያዘችው። ልትወጣ ስትል አዋላጇ «ቤት ውስጥ የሚያውቅልሽ ሰው አለ? ደብቀሽው ነው አይደል የኖርሽው?» አለቻት።

«አልደበቅኩትም» አለች ዳኛዋ፣ በሩን ይዛ። «ለሰው ሰጠሁት።»

አዋላጇ አልገባትም። ቀጣዩን ካርድ ጠራች።

መንገድ ላይ ውሃ ገዝታ ከጠርሙሱ አንገት ቀን በፀሐይ ጠጣች፤ ስትጠጣ እንደ ሌባ ዘወር ዘወር ትል ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ሱቅ በር ላይ የፕላስቲክ አንሶላ ተሰቅሏል፤ ባለ አበባ፣ ባለ ድብ፣ አንዱ ደግሞ ነጭ። ቆመች። ነገሩ እንደ ኮሌታ ማዕዘን ቁልጭ ብሎ ታያት። ይህን ፍራሹ ላይ አንጥፎ በላዩ ጨርቅ መደረብ ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ጨርቁን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ፋብሪካ የሚለበስ ነው ማለት። ኪኒኑን መዋጥ፣ ጡንቻውን ማሠራት። ፍራሹ ነገ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ይገኛል። አማትየው «አላልኳችሁም? በውሃ ጥምና በመሬት ዳነች!» ይላሉ፣ ለጎረቤት ያወራሉ፣ ፍራሹ ከግንቡ ይወርዳል። ልጅቷ ትረሳዋለች፤ ልጅ ምን ያስታውሳል? ማንም ማንንም ሳይወቅስ ነገሩ ውሃ ሆኖ ይደርቃል። «ለሕፃን ነው?» አላት ባለሱቁ። «አዎ» አለች። ዋጋውን ሳትከራከር ከፈለች፤ ሳትከራከር የገዛችው የመጀመሪያ ዕቃዋ ሳይሆን አይቀርም። የተረፈውን ውሃ እየጠጣች ወደ ቤቷ ሄደች።

ስትገባ ሁሉም ቤት ናቸው። ዘበኛው ቀኑን መሬት ላይ አሳልፎ፣ በአንድ ወገን ፊቱ ላይ የምንጣፍ መስመር ታትሞበት፣ የሥራ ጫማውን ያስራል። አማትየው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እግራቸው ሥር ለሚጢጥ የሚሆን አሮጌ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ባዶ ነው፣ ትራስ የለውም፣ ትራሱ ከፍራሹ ጋር ግንብ ላይ ነው። ጥግ ላይ ዘበኛው ከመውጣቱ በፊት በርጩማ ላይ የሚያወጣው ውሃ የሞላ ጄሪካን ቆሟል። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እናቷን ስታይ ብድግ አለች።

«እማ! ዛሬ ምንም አልጠጣሁም!» ድምጿ ተሰነጣጥቋል። «አያቴ ከትምህርት ቤት በኋላ ነው ያለችኝ፣ እኔ ግን ትምህርት ቤትም አልጠጣሁ። ሮጠን እንኳ። ሁሉም ቧንቧው ጋ ሲሰለፉ እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ አልኩ።»

«ይኸዋ!» አሉ አማትየው ምስራቸውን እያበጠሩ። «ሰው ሲቆጡት ሰው ይሆናል።»

«ነገ ደረቅ ከሆንኩ ፍራሹ አይወጣም አይደል አያቴ?»

የልጅቷ ከንፈር ነጭ ሆኖ ተላጧል። ስትናገር ምላሷ ከላንቃዋ እየተጣበቀ ይላቀቃል፤ ያንን ድምፅ ዳኛዋ ታውቀዋለች፣ የራሷ ድምፅ ነው፣ ቀይዋን ሽሽት የምትውልበት ድምፅ። ልጅቷ ሳትማር ተምራዋለች። የፕላስቲክ አንሶላው ቦርሳዋ ውስጥ ተንኮሻኮሸ። ዳኛዋ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ጆጉን አነሳች፣ ኩባያ ሞላች፣ ለልጅቷ ዘረጋች።

«ጠጪ።»

«ምን ማድረግሽ ነው?» አማትየው ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ፍራሹን የማረጥበው እኔ ነኝ፣ እማማ። እሷ አይደለችም። አንድም ቀን እሷ ሆና አታውቅም።»

ዘበኛው የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። አማትየው አዩዋት፤ ከዚያ በዚህ ቤት ፊታቸው ላይ ታይቶ የማያውቅ ነገር ታየ፣ ፈገግ አሉ። «ሂጂ ወዲያ!» አሉ፣ በፍቅር። «ለልጇ ስትል ራሷን የማታዋርድ እናት የት አለች? እኔም ወልጃለሁ እኮ። ግን እንዲህ አይደለም ልጅ የሚታረመው፣ የኔ ልጅ።»

«ተይ በቃ» አለ ዘበኛው። «ውሸት አታስተምሪያት።»

ልጅቷ ኩባያውን ሳትቀምስ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «ግድ የለም እማ» አለች። «እችለዋለሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ተናግራለች፤ ያላመኑት እነሱ ናቸው። እውነቱን አውጥቶ፣ ምስጋና ተቀብሎ፣ ነጩን አንሶላ አንጥፎ መተኛት ይቻል ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ዕድል ለማንም ሐሰተኛ አይሰጥም። ዳኛዋ ጥግ ወዳለው ጄሪካን ሄደች። ዘበኛው «ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለ። በሁለት እጇ የጄሪካኑን ጆሮ ያዘች። መጀመሪያ ጨብጪ፣ ከዚያ አንሺ ብላታለች አዋላጇ። መንገድ ላይ የጠጣችው ውሃ ሁሉ ወርዶ ተሰብስቧል። አልጨበጠችም። ጄሪካኑን እስከ ደረቷ አነሳችውና በክፍሉ መሀል፣ አምፖሉ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ ድምፁ ተሰማ። ከዚያ በባቷ ወርዶ ጫማዋን ሞልቶ፣ አማትየው በጠረጉት ሲሚንቶ ላይ ተዘረጋ፤ የምንጣፉን ጫፍ ነካ። ጄሪካኑን ቀስ ብላ አወረደችው። ቀሚሷን አልሰበሰበችም።

 ዘበኛው ጫማውን አየ፣ አስሮ ጨረሰ፣ ካፖርቱን ከሚስማሩ አውርዶ ወጣ፤ በሩን ግን አልወረወረውም፣ እንደ በሽተኛ ቤት ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። አማትየው ወለሉን አዩ፣ ቀጥለው በመስኮቱ ግንቡ ላይ የቆመውን ፍራሽ አዩ፣ ልጅቷን ግን ማየት አልቻሉም። ተነሱና ከበሩ ጀርባ ጨርቅ አምጥተው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ መሬት ላይ ተንበርክከው መጥረግ ጀመሩ። «ልብስሽን ቀይሪ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። 

ልጅቷ ብቻ ናት እናቷን የምታያት። የጠዋቱ የውለታ አስተያየት አልነበረም።

«ትናንትም አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ፍራሹ የወጣ ጊዜ ሁሉ?»

«ሁሉ።»

ልጅቷ እጇን ወደ ጉንጉኗ ሰዳ ጫፉ ላይ ያለውን ላስቲክ ነካችው፤ ጠዋት በጣም ስለጠበቀ ቀኑን ሙሉ ሲያማት ውሏል።

«ፀጉሬን ስትሠሪልኝ ታውቂ ነበር?»

ዳኛዋ «ጨብጪ» የተባለችውን ሁሉ ጨበጠች፤ ለዚህ የሚሆን ጡንቻ ግን አልነበራትም። «አውቅ ነበር» አለች።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፣ የቤት ሥራ እንደገባት ልጅ። ኩባያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ጠጣች፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ጉሮሮዋ እየጮኸ፣ አገጯን እያረጠበች፣ እስከ ዝቃጩ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ እናቷን ሳታይ፣ ባዶውን ኩባያ ወደ ኋላ ዘረጋችላት።

«ጨምሪልኝ።»